ከድጃ ቀድማ የፈረመችበት ወረቀት

ገዲሴ ኢሉን ለቡ ውስጥ በአባቷ ስም የሚያውቃት የለም። "ባለራጇ ገዲሴ" ካሉ ግን ከታክሲ ማዞሪያው ጀምሮ በሯ ድረስ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አንስታለች፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ደግሞ ካንሰር በጨረር በሚታከምበት ክፍል ነው የሠራችው። ልጁ ክንዱን የተሰበረበት ጎረቤት ሁሉ ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ይዞ ከሐኪሙ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ እሷ ነበር። እሷም ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ "ይቺ እንደ ፀጉር የቀጠነችው መስመር ታየችህ? ነገረኛዋ እሷ ናት" እያለች ሐኪሙ በሁለት ደቂቃ የጨረሰውን በግማሽ ሰዓት ታስረዳለች። ሰውዬው አንድ ነገር አውቆ ይወጣል። ገዲሴ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አታውቅም።

ሁለተኛው ሥራዋ የሰፈሩ እድር ጸሐፊነት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዛዋለች። ለማያውቀው ሰው የእድር ጸሐፊ ማለት ስም የምትጽፍ ሴት ብቻ ትመስላለች፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ነገሩ የራሱ ጥበብ አለው። ሰው ሲሞት ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል። ገዲሴ ከሁሉ ቀድማ ድንኳኑ በር ላይ በርጩማ ስባ ትቀመጥና መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች። የሚመጣው ሰው ከማንም ጋር ሳይነጋገር መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ከስሙ ትይዩ ይፈርማል፤ ወደ ሐዘንተኛው የሚዘልቀው ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱም ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ማን መጣ፣ ማን ቀረ እያሉ መቁጠር በሐዘን ቤት ነውር ነው። ያልፈረመ እንደ ቀረ ይቆጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም፣ እኩል ጎንበስ ይላል።

ገዲሴ ራሷ ያወጣችው፣ በጣም የምትኮራበት አንድ ደንብም አለ። አንድ ሰው በስህተት የማይገባው ቦታ ላይ ቢፈርም ጸሐፊዋ አትሰርዝለትም። የስሙ ባለቤት ራሱ ይመጣል፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰርዛል፣ ከጎኑ እንደገና ይፈርማል። የተሰረዘውም ይነበባል፣ ማን እንደሰረዘውም ይታወቃል። እንዲህ ከሆነ ነገ ማንም ተነሥቶ "እናንተ ናችሁ ያጠፋችሁት" ሊል አይችልም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ታዲያ በዚህ ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከለቡ ጠርዝ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ባዶ መሬት ላይ፣ ከሆስፒታሎች፣ ከፋብሪካዎችና ከመንገድ ሥራ የሚሰበሰቡ፣ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ጨረር አመንጪ ቁሶች የሚቀመጡበት ማከማቻ ሊሠራ ታቅዷል ይላል። ነዋሪው ቅዳሜ ጠዋት ወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ተገኝቶ ሐሳብ እንዲሰጥ ይጋብዛል። ይህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳው ተነሥቶ ታክሲ ማዞሪያው እስኪደርስ ድረስ ወደ ሦስት ቃል አጠረ፦ "ኒውክለር ሊቀብሩብን ነው!"

እግዜር ይቅር ይበላትና ገዲሴ መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም፤ ደስታ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰበሰበችውን እውቀት ሰፈሩ በአንድ ቀን ሊጠይቃት ነው! በረንዳዋን ጠረገች። ከውስጥ አራት ወንበር አወጣች፤ አይበቃም ብላ ሁለት ጨመረች። ከዚያም ሰው እስኪመጣ ድረስ በሥርዓቱ ለማስረዳት እንዲመቻት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጻፍ ጀመረች፦ አንደኛ፣ ጨረር ምንድን ነው። ሁለተኛ፣ የትኛው ቁስ ስንት ዓመት ይቆያል። ሦስተኛ፣ እንዴት ይታሸጋል። አራተኛ፣ ቆሻሻው የግድ አንድ ቦታ መቀመጥ ካለበት የት ይቀመጥ። አራት ገጽ ሞላ። አንድም ወንበር ግን አልሞላም።

ሰዉ የሄደው ወደ ከድጃ ዑስማን ሱቅ ነበር።

ከድጃ ለቡ ከገባች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋም ከገዲሴ በአሥራ አራት ዓመት ያንሳል። ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ሚስማር፣ ቀለም፣ ቧንቧና ሲሚንቶ ትሸጣለች። ለቡ ውስጥ የማይገነባ ሰው ስለሌለ ከድጃን የማያውቅ ሰው የለም። ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢው፣ ጭነት የሚጠብቀው ሁሉ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ያወራል። ያን ዕለት ማስታወቂያውን በስልኳ ፎቶ አንስታ መጣችና ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ቀጥላ ከታች ያለውን ቁጥር እዚያው ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ።

"ጤና ይስጥልኝ፤ ከለቡ ነው። ይሄን ነገር እዚህ ልታመጡ ስታስቡ ማንን ጠየቃችሁ?" አለች።

ስልኩን ያነሣው ሰውዬ ዘጋባት። ከሰዓት ሳያልፍ ከድጃ ማከማቻውን ለመቃወም የተቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነች።

ይህን ለገዲሴ የነገራት ባሏ መኩሪያ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ወሬ ይዞ ሲመጣ ገና ከአጥሩ በር ጀምሮ ያወራል።

"ሴትየዋ ምላስ አላት እኮ ገዲ! ሰውየውን መግቢያ ነው ያሳጣችው!"

"ምን መለሰ?"

"ዘጋባት።"

"ዘጋባት ማለት መግቢያ አጣ ማለት ነው?"

"ያው መልስ ቢኖረው ይዘጋ ነበር?" አለና በረንዳውን አየት አደረገ። "ይሄ ሁሉ ወንበር ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

ገዲሴ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አስገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዛት ቅናት ነበር። እድሩ ውስጥ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ሲመሰገን ሰምታለች፤ ምንም ብሏት አያውቅም። የከድጃ ግን ሌላ ነው። ከድጃ ያሸነፈቻት በገንዘብ ወይም በመልክ ቢሆን ትተዋት ነበር። በገዛ ዕቃዋ ነው ያሸነፈቻት፤ በማስረዳት! ያውም ምንም ሳታውቅ። ገዲሴ አዲስ ደብተር ከፈተችና የከድጃን ስህተት በቁጥር መመዝገብ ጀመረች። ቁጥር አንድ፦ "ይፈነዳል" ብላለች፤ አይፈነዳም። ቁጥር አራት፦ "ዝናብ ሲዘንብ ይተናል" ብላለች፤ ትርጉም የለውም። ቁጥር ሰባት በተለይ አንገበገባት፦ "ራጅ ክፍል እኮ ጨረሩ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ለዚህ ነው ሠራተኞቹ የሚገረጡት" ብላለች። የራጅ ማሽን እንደ አምፖል ነው፤ ሲያጠፉት ጠፋ፣ ግድግዳው ላይ የሚቀር አንዳችም ነገር የለም። ደግሞስ ማን ነው የገረጣው? ሐሙስ ጠዋት ቁጥሩ አሥራ አንድ ደረሰ። ገዲሴ አሥራ አንዱን እንደ ውዳሴ ደግማ አነበበችና አራት ገጿን በፌስታል ይዛ ወደ ሱቁ ወረደች።

"እትዬ ገዲሴ!" አለች ከድጃ የኤሌክትሪክ ሽቦ በክንዷ እየለካች። "ግቢ ግቢ! መቀመጫ ስጧት እንጂ፤ አንተ ተነሣላት!"

"አልቀመጥም። ይፈነዳል እያልሽ ሰው አታስደንግጪ። አይፈነዳም።"

"አይፈነዳም?" ከድጃ ሽቦውን እንደያዘች ቆመች። ደግሞ እኮ አልተቆጣችም፤ ገዲሴን ይበልጥ ያናደዳት ይሄ ነው። "ሰማችሁ፣ አይፈነዳም። ከዛሬ ጀምሮ ይፈነዳል የሚል እንዳልሰማ። ታዲያ ምን ያደርጋል እትዬ?"

ገዲሴ አራት ቀን የጠበቀችው ጥያቄ ይሄው ነበር፤ ንዴቷን ረሳችው። "ድፎ ዳቦ አስቢ" አለች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ የዳቦውን ስፋት እያሳየች። "ካንሰር የምናክምበት ኮባልት የሚባል ነገር አለ። በየአምስት ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል። ዛሬ ሙሉ ዳቦ ነው እንበል። አምስት ዓመት ቆይተሽ ስትመለሺ ግማሽ ዳቦ ታገኛለሽ። ሌላ አምስት ዓመት ቆይተሽ ብትመለሺ አለቀ እንዳትዪ! የግማሹ ግማሽ አለ። እንዲህ እያለ አሥር ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ነው ፍርፋሪ የሚሆነው። መንገድ ሠሪዎቹ የአፈሩን ጥግግት የሚለኩበት መሣሪያ ውስጥ ያለው ሲዚየም ደግሞ ለአንዱ ግማሽ ብቻ ሠላሳ ዓመት ይፈጅበታል።"

"ለግማሹ ብቻ?"

"ለግማሹ ብቻ።"

"ያ አላህ!" አለች ከድጃ።

"እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት ከቆየማ ዳቦው ሻግቷል" አለ አንድ ቀለም ቀቢ ከከረጢቱ ላይ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ከድጃም ሳቀች፤ ሽቦውን ቆርጣ ለደንበኛዋ ሰጠችና ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥታ የገዲሴን ክንድ ያዘች።

"ኮሚቴ ውስጥ ግቢልኝ፤ በሞቴ እምቢ እንዳትዪኝ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው የለንም። እንዳንቺ የእጅ ጽሑፍ ያለው ደግሞ ከየት ይመጣል?"

"ቃለ ጉባኤ?" አለች ገዲሴ።

"አዎ፣ እኛ ስንናገር አንቺ ትጽፊልናለሽ።"

ከድጃ ይህን ያለችው በንጹሕ ልብ ነው፤ ለክብሯ ብላ ነው። ገዲሴ ግን ፊቷ ላይ በር የተዘጋባት ያህል ተሰማት። "እኔ ጸሐፊነት ጠግቤያለሁ" አለችና አራት ገጿን ሳታወጣ ፌስታሏን ይዛ ተመለሰች። መንገድ ላይ ቁጥር አሥራ ሁለት ብላ የምትመዘግበው ስህተት ፈለገች፤ አላገኘችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣት ማዕከሉ ጢም ብሎ ሞላ። ከጀሞም ጭምር የመጣ ነበር። የአዳራሹ በር ላይ አንዲት ጠረጴዛ ቀርባ ሁለት ልጃገረዶች ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ወረቀቱ ከላይ በብረት መቆንጠጫ ሰሌዳ ላይ ተይዟል። አሁን የሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የለቡ ሰው በር ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ሲያይ እጁ ራሱ ያውቃል፤ ይፈርማል፣ ከዚያ ይገባል። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ከድጃ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ አንደኛ ረድፍ ላይ ከግራ እስከ ቀኝ የሚደርስ ፊርማዋን ዘርግታለች። ሁለት መቶ ስድስት ሰው እሷን ተከትሎ ጎንበስ እያለ ፈርሞ ገባ። መኩሪያም ሚስቱን ሳይጠብቅ ፈርሞ ገባ።

ገዲሴ የደረሰችው መጨረሻ ላይ ነበር። እስክሪብቶውን አነሣች። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ የያዘች ሴት አርእስት የሌለው ወረቀት አይታ አታልፍም፤ የእድሯ መዝገብ እንኳ ገጹ ላይ የሟቹ ስም ሳይጻፍ ለማንም አይዘረጋም። የዚህ ወረቀት አርእስት ግን በብረቱ ተሸፍኗል። ወደ መጀመሪያው ገጽ ገልጣ በጣቷ ብረቱን ከፈት አድርጋ አነበበች፦ "በማከማቻው ግንባታ ላይ ገለጻ ተደርጎላቸው የተስማሙ ነዋሪዎች ስምና ፊርማ።"

ከሥሩ፣ ተራ ቁጥር አንድ፦ ከድጃ ዑስማን።

ገዲሴ ብረቱን ቀስ ብላ መለሰችው።

"አይፈርሙም እማማ?" አለች አንደኛዋ ልጅ።

"ስወጣ እፈርማለሁ" አለችና ገባች።

እንዲህ ያለ ደስታ ደግሞ አለ፤ ለማንም የማያሳዩት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። የስህተት ደብተሯ እኮ ከንቱ ኖሯል! አሥራ አንዱ ስህተት ተደምሮ ይህችን አንድ ፊርማ አያህልም። ነገ ይህ ወረቀት ሲወጣ ሰፈሩ ምን ይላል? "ቀድማ የፈረመችው ማን ናት?" ይላል። ከዚያ ሰው ሁሉ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል፤ ወንበሮቹም ይሞላሉ።

"ምን ያስቅሻል?" አለ መኩሪያ።

"ምንም።"

ማከማቻውን ከሚሠራው መሥሪያ ቤት የመጣው ራጉኤል የሚባል ወጣት ኢንጂነር ነበር። ጥሩ አስረዳ፤ ገዲሴ ሳታስበው ራሷን በአዎንታ ትነቀንቅ ነበር። ቁሱ በእርሳስና በብረት እንደሚታሸግ፣ ከዚያ በሲሚንቶ በርሜል ውስጥ እንደሚገባ፣ የግድግዳው ውፍረት ስንት እንደሆነ፣ ዛሬ ይህ ሁሉ በየሆስፒታሉና በየመጋዘኑ ተበታትኖ መቀመጡ የባሰ አደጋ እንደሆነ። እውነቱን ነው። ገዲሴ ራሷ ያረጀ ኮባልት በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሰው ረስቶት ሲቀመጥ አይታለች።

ከዚያ ከድጃ ተነሣች።

"ኢንጂነሩ በደንብ አስረድተውናል፤ እናመሰግናለን። እኔ ደግሞ በዳቦ ልንገራችሁ" አለች።

ገዲሴ የመኩሪያን ክንድ ጨመደደችው። "የኔ ነው!"

"ምኑ?"

"ዳቦው!"

"የምን ዳቦ? ርቦሻል?"

ከድጃ ግማሹንና የግማሹን ግማሽ በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። እጇን የዘረጋችው እንኳ ልክ እንደ ገዲሴ ነው። ማን እንዳስተማራት አልተናገረችም። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኢንጂነር፣ ለሲዚየሙ አንድ ግማሽ ሠላሳ ዓመት ነው አይደል? ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚህ የተቀመጥንበት ቦታ የጤፍ ማሳ ነበር። ቤት የለም፣ አዳራሽ የለም፣ እርስዎም አልተወለዱም። ያኔ የተቆለፈ ነገር ቢኖር ዛሬ ቁልፉ ማን እጅ ነው? ገና ግማሹ ሳያልቅ ሰፈሩ ይህን ያህል ከተለወጠ፣ አሥር ጊዜ እስኪከፈል ድረስ የሚጠብቀውን ሰው ስሙን ንገሩን። ግድግዳውን አይደለም፤ ሰውየውን።"

አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ጭብጨባው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ራጉኤል እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ለዚህ አሁን መልስ የለኝም" አለ፤ በሐቅ።

ገዲሴ አላጨበጨበችም። ዳቦው የእሷ ነው፤ የጤፍ ማሳው ግን የእሷ አይደለም። አራት ገጽ ጽፋ አልመጣላትም። ያቃጠላትም ይሄ ነበር፤ ከድጃ ዕቃዋን ወስዳ ከባለቤቱ በተሻለ ሠራችበት።

ስብሰባውን የመራው የወረዳው ሰው ሲዘጋ "ሐሳባችሁን ወስደናል" አለ። "የተገኛችሁት ሁሉ በር ላይ ፈርማችኋል፤ ዝርዝሩ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ይቀርባል።" ሰው አጨበጨበ። ከድጃም አጨበጨበች። ልጃገረዶቹ ወረቀቱን ሰብስበው ፋይል ውስጥ ከተቱ። ገዲሴ ሁሉንም አየች፤ ከመቀመጫዋ ግን አልተነቃነቀችም። እንኳንም አልተነቃነቅኩ እያለች ነበር።

በዚህ መካከል የእድሩ ሊቀ መንበር አባባ ሞልቱ በከዘራቸው እየተደገፉ በረድፉ መካከል መጡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አንዲት ፊርማ ለመጻፍ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ገዲሴን ሲያዩ ቆም አሉ።

"ፈርሜያለሁ ገዲሴ" አሏት እየሳቁ። "ቀሩ ብለሽ እንዳትቀጪኝ።"

ገዲሴ አብራቸው ልትስቅ ስትል ነገሩ ገባት። እኚህ ሽማግሌ የፈረሙት ለኢንጂነሩ አልነበረም፤ ለእሷ ነው። ሁለት መቶ ስድስቱም ለእሷ ነው የፈረሙት። በር ላይ ሳያነቡ መፈረምን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረቻቸው ከድጃ አይደለችም።

ብድግ አለች። "ወረቀቱ ከዚህ አይወጣም!"

ሰው ዞሮ አያት። እሷ ግን በረድፉ መካከል እየተጋፋች በር ላይ ደረሰች፤ ፋይሉን ከልጅቷ እጅ ተቀበለች፤ ወረቀቱን አወጣችና በእድር ስብሰባ ስም በምትጠራበት ድምፅ አርእስቱን አነበበች። "የተስማሙ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ።

አዳራሹ ተቀወጠ። ራጉኤል ሮጦ መጥቶ ወረቀቱን አነበበ፤ ጆሮው ቀላ። "ይሄ... ይሄ ከሌላ ፕሮጀክት የተወሰደ ቅጽ ነው። አርእስቱ ሳይለወጥ ታትሟል። በእግዚአብሔር፣ እኔ አላየሁትም።"

"ቅደጂው!" አለ አንዱ ከኋላ። "ቅደጂው እትዬ!"

"አይቀደድም!" አለች ገዲሴ። እንዲህ ባለ ጊዜም ቢሆን ማስረዳቱ አይቀርምና እጇን አነሣች። "ስሙኝ። ከቀደድነው 'ተስማምተው ፈርመው ነበር፤ ኋላ ረባሽ ቀደደው' ይባላል። እንዳልተስማማችሁ ማረጋገጫው ራሱ ወረቀቱ ነው። የእድሩን ደንብ ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ይሰርዛል፣ ከጎኑ ይፈርማል። ኢንጂነሩ ደግሞ ከታች ሁሉም እንደሰረዙ ይጽፋሉ።"

ራጉኤል "እጽፋለሁ" አለ።

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ መጥራት ጀመረች። አብዛኛውን ስም ከወረቀቱ ሳታይ ነው የጠራችው። አባባ ሞልቱ ደቂቃቸውን ወስደው ሰረዙ። መኩሪያ "ምነው አብረን በገባን" እያለ ሰረዘ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ማንም ግን አልሄደም፤ የሰረዘው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። የጀመረችው ከተራ ቁጥር ሁለት መሆኑን ግን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ ከአንዷ በቀር።

ከድጃ እጆቿን አጣምራ ከጠረጴዛው አጠገብ እስከ መጨረሻው ቆማለች። አዳራሹ ባዶ ሲሆን "እኔንስ?" አለች።

"ከድጃ ዑስማን" አለች ገዲሴ።

ከድጃ እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ አልሰረዘችም። "እትዬ ገዲሴ፣ አንቺ ግን አልፈረምሽም።"

"አልፈረምኩም።"

"ስትገቢ አይተሽዋል ማለት ነው።"

ገዲሴ ወረቀቱን ወደ እሷ አስጠጋችላት።

"ያን ሁሉ ስናገር እያወቅሽ? ሰው ሲያጨበጭብልኝ ስሜ እዚህ ላይ መሆኑን እያወቅሽ?"

"እያወቅኩ።"

"ለምን?"

ለሁሉም ነገር ረጅም ማብራሪያ ያላት ሴት ረጅሙን ፈለገች። አጣችው። "ቀንቼብሽ ነው" አለች።

"በምኔ? በሚስማሬ?"

"ሰው ቆሞ ያዳምጥሻል። እኔ ስድስት ወንበር ደርድሬ አንድ ሰው አልመጣልኝም።"

ከድጃ እስክሪብቶውን አስተካክላ ያዘች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከግራ እስከ ቀኝ የተዘረጋውን ፊርማዋን ወረቀቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ ተጭና ሰረዘችው፤ ከጎኑም ፈረመች። "ለማንም አልናገርም" አለች። "ለአንቺ ብዬ አይደለም፤ ሰፈሩ ለሁለት እንዳይከፈል ነው። እኔ ግን አልረሳውም።"

ከድጃ ቀድማ ወጣች። ገዲሴ ፋይሉን ለራጉኤል አስረክባ፣ ከታች ሲጽፍም አይታ በሩ ላይ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ከድጃን ከቦ "ለገዲሴ የጠቆምሻት አንቺ ነሽ አይደል?" እያለ ነበር።

"ራሷ ገዲሴ ናት" አለች ከድጃ፤ ሁሉም እንዲሰማ። "አርእስቱን ያነበበችው እሷ ናት። የዳቦውም ነገር የእሷ ነው፤ ቅድም ሳልናገር ቀረሁ። እሷ ባትኖር አልቆልን ነበር።"

ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። ሰዉ ወደ ገዲሴ ጎረፈ፤ እጇን የሚጨብጠው ጨበጠ፣ የሚስማት ሳማት። "ባለራጇ! ወረቀትም በራጅ ታያለሽ እንዴ?" አለ ያ ቀለም ቀቢ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሴት ስለ ሲሚንቶው በርሜል፣ ሌላዋ ስለ ወንዙ ውኃ ይጠይቋታል፤ ሁለቱም መልሷን አፍ አፏን እያዩ ይጠብቃሉ። አራት ገጹን ስትጽፍ የተመኘችው እንዳለ መጥቷል።

ገዲሴ ግን በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግራ ታይ ነበር። ከድጃ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ ወደ ታክሲ ማዞሪያው ብቻዋን እየሄደች ነው። ገዲሴ በዚያች ሴት ቦታ ብትሆን ኖሮ ይህን የመሰለ ምሥጢር እስከ ግቢው በር እንኳ ይዛ አትዘልቅም። ያ ቅናት እንደገና ተነሣባት፤ ከእስከ ዛሬው ሁሉ የበረታ ነበር።

"ምን ሆንሽ?" አለ መኩሪያ። "ደስ አላለሽም?"

"እኔ ብሆን አወራው ነበር" አለች።

"ምኑን?"

ገዲሴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስለ ወንዙ ውኃ ወደ ጠየቀቻት ሴት ዞረች።